አንበሳው ነው «አዎ» ያለው

በ1981 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ባለችው ቀበሌ አንድም የታመመ ሰው አልነበረም። የእድሩ ድንኳን ግን ከተተከለ ሦስት ሳምንት አልፎት፣ ካስማው ሥር ሊሰድድ ምንም አልቀረውም። በዚያች ቀበሌ ሰው ይሞታል እንጂ አይታመምም ነበር።

ይህን ተአምር በወረቀት ያሰፈረችው እናትዓለም ናት። እናትዓለም ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ስታትስቲክስ ተምራ፣ ተመልሳ በተወለደችበት ከተማ የተመደበች የመንግሥት ሠራተኛ። ሥራዋ ሰው መጠየቅ ነው። ማጅራት ገትር ከተማውን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር ከበላይ «የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ» የሚባል ባለ ሦስት ክፍል ቅጽ ወረደ፤ አንደኛው ስለ ጤና፣ ሁለተኛው ስለ ፖለቲካ አመለካከት፣ ሦስተኛው በኅብረት ሱቅ ስለሚታደለው ሸቀጥ። ማጅራት ገትርና ስኳር አንድ ወረቀት ላይ ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

እናትዓለም ከቀበሌው ሰማንያ ቤት በዕጣ አወጣችና ደብተሯን ይዛ ተነሣች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገብረ ኪዳን «ሕዝቡ እንዲተባበርሽ» ብሎ አብሯት ዞረ። ካኪ ሱሪውን እስከ እምብርቱ ስቦ፣ ሽጉጡን በቀበቶው ሽጦ፣ ከእሷ አንድ እርምጃ ኋላ ይቆማል። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ «በቀበሌዬ በሽታ የለም ብዬ ለበላይ አካል ቃል ገብቻለሁ! አለ የሚል ወሬ የሚነዛ እሱ ራሱ በሽታ ነው!» ማለቱን ሁሉም ሰምቷል።

«በቤትዎ በማጅራት ገትር የታመመ ሰው አለ?» ትላለች እናትዓለም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለም» ይላል ባለቤቱ፣ ዓይኑን ከሽጉጡ ሳያነሣ።

«በቀበሌው አመራር ቅር የተሰኙበት ነገር አለ?»

«ቅር? ቅር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስኳር አንሶዎታል?»

ይኸኔ ብዙው ሰው ትንሽ ይተነፍሳል፤ ከዚያም መልሶ ይውጠዋል። ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ሸሪፋ ብቻ «ስኳሩማ ከማነሱ በቀር በጣም ብዙ ነው፣ አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ገብረ ኪዳን ነገሩን ሁለት ጊዜ በሆዱ አገላበጠና «ብዙ ነው ብለሽ ጻፊ» አላት። ጻፈች።

ሰማንያ ቤት፤ ሰማንያ ዜሮ። የመጀመሪያው ዜሮ የራሱ የገብረ ኪዳን ቤት ነበር። «አርአያ መሆን አለብኝ» ብሎ ከደጁ አስጀመራት። ሚስቱ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል መቃኑን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «የለም» አለች። ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ገመድ የምትዘል የሰባት ዓመት ልጃቸው ያን ቀን አልነበረችም። ገመዷ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

የመጨረሻው ዜሮ ደግሞ የእናትዓለም የገዛ ቤት ነበር። ዕጣው ወጥቶባታል፤ ብትዘለው ደግሞ ገብረ ኪዳን «ምነው?» ይላል። እናቷ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ልጃቸው እንደ እንግዳ ስትጠይቃቸው እንደ እንግዳ መለሱላት።

«አስማማውስ?» አለ ገብረ ኪዳን፣ ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ። አስማማው የእናትዓለም ታናሽ ወንድም ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተለጠፈ አምስት ወሩ።

«መሸንቲ፣ አጎቱ ዘንድ ነው» አሉ እናቱ።

«መሸንቲ! ጠዋት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። አምስት ወር ሙሉ መንገድ ጠፋው?»

«አጎቱ ልጅ የለውም፤ ወደደው።»

አስማማው ይህን ሁሉ የሚሰማው ከሦስት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ነው። ጓዳውን ለሁለት ከከፈለው የደንገል ግርዶሽ ጀርባ፣ ትንፋሹን ውጦ ተኝቷል።

* * *

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ አቶ ሣህሉ አስጠራት። አቶ ሣህሉ ሁለት መንግሥት አንድም ጭረት ሳይነካው የተሻገረ ሰው ነው፤ ምስጢሩም በእርሳስ ብቻ መፈረሙ ነው።

«ደስ ይበልሽ! ከከተማው ሁሉ ንጹሕ የሆነው ያንቺ ቀበሌ ነው። ረቡዕ ጠዋት የሕክምና ቡድን ይገባል። ያላቸው ሦስት ድንኳን ነው። ቅጹ ላይ ብዙ ሕመምተኛ ያለባቸው ሦስት ቀበሌዎች ላይ ይተከላል፤ መድኃኒቱም መርፌውም እዚያው ነው።»

«የእኛ ቀበሌስ?»

«ዜሮ ላይ ድንኳን ይተከላል እንዴ?»

«አቶ ሣህሉ፣ እኔ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ቀብር ሄጃለሁ።»

«ቀብር ክፍል ስንት ላይ ነው ያለው?» አላት፣ ቅጹን እያገላበጠ። ተንኮል አልነበረውም፤ ከልቡ ነው የፈለገው።

ለምሳ ቤቷ ስትገባ እናቷ መካከል ወለሉ ላይ ቆመዋል። አይቀመጡም፣ አይራመዱም።

«ልጄ፣ ራሴን አለኝ ብሎ ነው የነቃው» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን ብርሃን አያሳየኝ ይላል። አንገቱን ቀና ሳደርገው እንደ እንጨት ከነጀርባው ተነሣልኝ።»

እናትዓለም ከግርዶሹ ጀርባ ገባች። ወንድሟ ትኩሳቱ ከሩቅ ይጋረፋል። እጇን አንገቱ ሥር ብትሰድ አልታጠፈም። ሦስቱ ቀብሮች እንዴት እንደ ጀመሩ ሰምታለች፤ ልክ እንዲህ ነው የጀመሩት።

«ሆስፒታል እንውሰደው!»

«የቀበሌ ደብዳቤ የታል? ገብረ ኪዳን ይጻፍልን?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ልጇን ያልደበቀችስ፣ ዛሬ ልጅ አላት?»

እናትዓለም ሰዓቱን አሰላች። የቅጹ መዝጊያ ነገ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የቀበሌው ዜሮ ዜሮ ሆኖ ከቀረ ረቡዕ ድንኳኑ ሌላ ሰፈር ይተከላል፤ አስማማውም እስከ ሐሙስ አይደርስም። ቀበሌው እውነቱን የሚናገርበት አንድ ቀን ተኩል ቀርቶታል፤ ቀበሌው ደግሞ እውነት ከተናገረ ዓመታት አልፈዋል። ራሷስ? ሰማንያኛውን ዜሮ የጻፈችው በገዛ እጇ አይደለም?

ኪሷን ስትዳብስ አንዲት ስሙኒ አገኘች። ባንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለባት፤ በሌላው በኩል እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ወንድና ሴት። ይደግፉ ይማረኩ አይታወቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ መምህሯ ሰው የፈራውን እንዲናገር የሚያደርግ ዘዴ አስተምሯት ነበር። ያኔ ለፈተና ብላ ነው ያጠናችው።

* * *

«ይኸውልዎ» አለችው አቶ ሣህሉን፣ ስሙኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። «ተጠያቂው ማንም ሳያየው በነጠላው ሥር ይወረውራል። አንበሳው ከወጣ፣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን ‹አዎ› ይላል። ሰዎቹ ከወጡ እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ ‹አዎ› ያለውን ሰው ማንም ሊይዘው አይችልም፤ አንበሳው ነው ይላላ!»

«አንቺስ ታውቂያለሽ?»

«እኔም አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ምን ሊረባሽ?»

«የአንዱን አላውቅም፤ የሰማንያውን ግን አውቃለሁ። ሰማንያ ጊዜ ቢወረወር አርባ ያህሉ አንበሳ ነው። ከመጣው ‹አዎ› ሁሉ ላይ አርባውን አነሣለሁ። የተረፈው የሰው ነው።»

አቶ ሣህሉ ስሙኒዋን እንደ ጊንጥ ርቆ አያት። «ይኼ ቁማር ነው።»

«ዕጣ ነው።»

አቶ ሣህሉ እርሳሱን ቀረጸ። ከዚያ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ፈቃዱን ጻፈላት፤ በእርሳስ፣ እሱንም ሳይጫን።

ገብረ ኪዳንን ማሳመን ይበልጥ ቀለለ። እናትዓለም እውነቱን በሙሉ ነገረችው፤ አልገባውም። ያልገባው መሆኑን ግን ከማሳየት ሞቱን ይመርጣል።

«የመጀመሪያውን ውጤት ‹ሕዝቡ ፈርቶ ነው› የሚሉ አሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። በስሙኒ ከጠየቅን ማንም እንዲህ አይልም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አሉ።»

«እንግዲያው» አለ ገብረ ኪዳን፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ለበሽታ የሚወረወር ስሙኒ ለአብዮቱ የማይወረወርበት ምክንያት የለም። ሦስቱንም ክፍል ጠይቂ!»

እሷ የፈለገችው ስለ በሽታው ብቻ ነበር። ክፍል ሁለት በስሙኒ መጠየቁ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ወዲያው ታያት። ግን እንቢ ብትለው ዙሩ ይቀራል። «እሺ» አለች።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ደግሞም ከሊቀ መንበሩ ደጃፍ ተጀመረ። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ስሙኒዋን ተቀብላ በነጠላዋ ሥር ወረወረች፤ አጎንብሳ አየች። 

«በቤትሽ የታመመ አለ?»

«አዎ።»

እንደገና ወረወረች። «በቀበሌው አመራር ቅር የተሰኘሽበት አለ?»

«አዎ» አለች፣ ቶሎ፣ ባሏን ሳታይ።

ስለ ስኳሩም «አዎ» አለች።

«ሦስቴ አንበሳ!» ብሎ ሳቀ ገብረ ኪዳን። «እድለኛ ናት የኔ ሚስት!» ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰነጠቀ። የልጅቷ ገመድ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው።

መንደሩ መጀመሪያ ስሙኒዋን ፈራት። «ብወረውራት ለማን ልትናገር ነው?» ያለች አለች። «ብትጠፋ ትከሱኛላችሁ?» ያለም አለ። ነገሩን ያቃናው መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ናቸው። እኒህ ሰው በደሴት ገዳማት ሲያስተምሩ ኖረው በእርጅና ወደ ከተማ የወጡ፣ የግማሹ ሰፈር መካሪ አባት ናቸው። የስሙኒዋን ሕግ ፀጥ ብለው አዳመጡና ፊታቸው በራ።

«ዕጣ ነዋ! ሐዋርያትም በይሁዳ ምትክ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። ልጄ፣ ይኼ የተጻፈ ነገር ነው» አሉ። ከዚያም ወረወሩ። ደግመው ወረወሩ። ሦስተኛ ሊወረውሩ ሲሉ እናትዓለም እጃቸውን ያዘች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ መሪጌታ!»

«በሥላሴ ስም ነው፤ ሦስት መሆን አለበት።»

«ሦስት ጊዜ ከወረወሩ ሒሳቡ ይበላሻል።»

«ሒሳብ ከሥላሴ ይበልጣል?»

«ለዛሬ ብቻ» አለች እናትዓለም፣ ላብ ባጠመቀው ፊቷ። መሪጌታ በመጀመሪያው ረኩ፤ «አዎ» አሉ። ከዚያም በትራቸውን አንሥተው ቀድመዋቸው ወጡ፤ በየደጁም «ዕጣ ነው፣ አትፍሩ፤ የሚናገረው ዕጣው ነው እናንተ አይደላችሁም» እያሉ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተለወጠ። ነጠላ ሥር ይጎነበሳል፤ ቀና ሲል ዓይኑ ሌላ ነው። «አዎ» ይላል፤ ፊቱን ወደ ገብረ ኪዳን አዙሮም «አንበሳው ነው ያለው፣ ጓድ!» ይላል። ዓመታት የታፈነ «አዎ» ከነአቧራው ወጣ።

እትዬ ሸሪፋ ሁለቱን ጥያቄ በሕጉ ወርውረው መለሱ። ሦስተኛው ላይ ስሙኒዋን ለእናትዓለም መለሱላት።

«ለስኳሩ ስሙኒ አላደክምም። አዎ! አንሶኛል! ወላሂ አንሶኛል!»

«ሕጉ እኮ መወርወር ነው፣ እትዬ ሸሪፋ።»

ወረወሩ። አዩ። «በሁለቱም ፊቷ አንሶኛል» አሉ።

ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ እናትዓለም የራሷ ቤት ደረሰች። ጠዋት ስትወጣ አስማማው ስሟን ረስቶ ነበር። እናቷ በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸውን አየችና በሕይወት መኖሩን አወቀች፤ ከዚያ በላይ ግን አላወቀችም።

ገብረ ኪዳን ድካም ተሰምቶት ገባና ትከሻውን የደንገሉ ግርዶሽ ላይ አስደገፈ። ግርዶሹ ሲጥ አለ። ከበስተጀርባው የአስማማው ራስ ከአንድ ክንድ አይርቅም።

እናቷ ስሙኒዋን ወረወሩ፤ መዳፋቸውን ከፈት አድርገው አዩ። ዓይናቸው እዚያው ቀረ። እናትዓለም ምን እንደወጣ አላየችም፤ ማየትም አልነበረባትም።

«በቤትዎ በማጅራት ገትር የታመመ ሰው አለ?» አለች። 

በዚያች ቅጽበት ከግርዶሹ ጀርባ አንድ ዝቅ ያለ ማቃሰት መጣ።

ገብረ ኪዳን ትከሻውን ከደንገሉ አነሣ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«ፍየሏ ናት» አሉ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም። «ልትወልድ ነው።»

«ፍየል አላችሁ እንዴ? ቅጹ ላይ የለም!»

«ክፍል ሦስት ስለ ሸቀጥ ነው የሚጠይቀው፣ ጓድ» አለች እናትዓለም፤ ብዕሯ ወረቀቱን በስቶት ነበር። «ስለ ፍየል አይጠይቅም። እማዬ፣ ይመልሱልኝ።»

«አዎ» አሉ እናቷ። «አለ።»

ገብረ ኪዳን ግርዶሹን እንደ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ወጣ። ከደጅ ሲደርስ ግን ዞሮ «ስትወልድ ንገሩኝ» አለ።

* * *

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አቶ ሣህሉ ቢሮ ውስጥ ሦስቱ ተቀምጠዋል። እናትዓለም ወረቀቷን አነበበች።

«ክፍል አንድ፤ ስልሳ አንድ ‹አዎ›። አርባው የአንበሳው ነው። የቀሩት አርባ ቤቶች ናቸው እውነት የተናገሩት፤ ከነሱ ሃያ አንዱ ሕመምተኛ አለባቸው። ከሁለት ቤት አንዱ ማለት ነው። ይኸን ያህል ያለበት ሌላ ቀበሌ ከተማው ውስጥ የለም።»

አቶ ሣህሉ እርሳሱን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ አነሣ። ገብረ ኪዳን ግን ዓይኑ ሌላ መስመር ላይ ነበር።

«ክፍል ሁለት ላይ ይቺ ምንድን ናት? ሰባ ሰባት?»

«ሰባ ሰባት ‹አዎ›።»

«ከሰማንያ?»

«ከሰማንያ።»

«አርባውን አንሺለት እንግዲህ! አንሺ!»

«አነሣሁ። ከአርባው ሠላሳ ሰባቱ ቅር ተሰኝተዋል።»

 ገብረ ኪዳን ተነሥቶ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ስማቸውን አምጪ!»

«የእያንዳንዱ መልስ ከነስሙ አለ፤ ይኸው። ግን ማንኛው የአንበሳው፣ ማንኛው የሰውየው እንደ ሆነ እኔም አላውቅም።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሰባ ሰባት ሰው ሰድቦኝ የሰደበኝ ሰው የለም ነው የምትዪኝ?»

«ስሙኒዋን እንሰራት ካላልን በቀር» አለ አቶ ሣህሉ፤ ማለቱን ራሱ ከሰማ በኋላ ደነገጠና ሳለ።

ገብረ ኪዳን አልሳቀም። «ጥሩ» አለ ቀስ ብሎ። «ድንኳናችሁን ትከሉ። በሩ ላይ የምቆመው ግን እኔ ነኝ፤ ነዋሪነቱን እኔ ሳላረጋግጥለት የሚወጋ አንድም ሰው የለም። አንድ በአንድ ፊታቸውን አያለሁ። የሰደቡኝን እዚያው እለያቸዋለሁ። መሸንቲ አጎታቸው ዘንድ የሄዱትንም።» እናትዓለምን አያት። «ፍየሎችንም።»

አቶ ሣህሉ ክፍል አንድ ላይ በእርሳስ ፈረመ። ክፍል ሁለትን አጥፎ የሻይ ብርጭቆው ሥር አደረገው።

ኮሪደሩ ላይ ገብረ ኪዳን ደረሰባት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእኔዋ... ያ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ... አንበሳ ነበር አይደል?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«ፊቷን አላየሽም?»

«ፊት ቅጹ ላይ አይሞላም።»

* * *

ረቡዕ ፀሐይ ወጣ ስትል ድንኳኑ ሐይቁ ዳር ከዋርካው ሥር ቆመ። ሰልፉ እስከ ኅብረት ሱቁ ይደርሳል። ሰው የታመመውን በጀርባው፣ በቃሬዛ፣ በበር ሳንቃ ተሸክሞ መጥቷል። ትናንት ዜሮ የነበረ ቀበሌ ይኼ ሁሉ ሕመምተኛ የት አስቀምጦት እንደነበር ነርሶቹ ገረማቸው።

ገብረ ኪዳን የነዋሪውን መዝገብ በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከሰልፉ ፊተኛዋ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ነበረች። ልጇን አዝላለች፤ የልጅቷ አንገት ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ሚስቱ ፊቱ ደርሳ ቆመች። ሰልፉ ሁሉ ያያል፤ የመጀመሪያው ዜሮ የማን ቤት እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ገብረ ኪዳን መዝገቡን ከፈተ፤ ዘጋው፤ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ገባች። 

ሌሎቹን ግን ፊታቸውን እያገላበጠ አሳለፈ። ስማቸው ለውትድርና የተለጠፈ ሁለት ጎረምሶችን ከሰልፍ አውጥቶ ለቀበሌው ጠባቂዎች ሰጠ፤ አንደኛው የታመመች እናቱን አዝሎ የመጣ ነው። እናቲቱ መሬት ላይ ቀሩ፤ ሴቶች አነሧቸው።

እናትዓለም ይህን ከሰልፉ መካከል ሆና አየች። የእድሩ ሰዎች አስማማውን በቃሬዛ ይዘውታል፤ ከላዩ የመሪጌታ ጋቢ ለብሷል። ሽማግሌ ሰው እንዲመስል ነበር ሐሳባቸው። መመለስ ትችላለች። ቃሬዛውን አዙሮ ቤት መግባትና ነገ ድንኳን ማስተከል፣ የእድሩን ማለቷ ነው። እናቷን አየች። እናቷ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያዩት።

«ማነው?» አለ ገብረ ኪዳን።

«ሕመምተኛ ነው» አሉ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን።

ገብረ ኪዳን ጋቢውን በሁለት ጣቱ ገለጠ። አስማማው አምስት ወር ፀሐይ ያልነካው ፊቱ እንደ ሰም ነጥቷል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።  የሐይቁ ማዕበል ድንጋዩን ሲመታ ብቻ ይሰማል።

«ፍየሏ ወለደች» አለ ገብረ ኪዳን።

ማንም አልሳቀም። 

ከድንኳኑ ውስጥ አንዲት ነርስ ራሷን አወጣች፤ በእጇ ወፍራም ዘይት የመሰለ መድኃኒት የተሞላ መርፌ ይዛለች። አስማማውን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ይኼማ አይቆይም! ሊቀ መንበር፣ የቀበሌዎ ነዋሪ ነው? አዎ ወይስ አይደለም፤ ቶሎ ይበሉኝ!»

ገብረ ኪዳን ቀና አለ። ከነርሷ ትከሻ በላይ የድንኳኑ ውስጥ ይታየዋል፤ ወለተ ሩፋኤል ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። ቀና ብላ እያየችው ነው። «አዎ» ቢል ኮብላይ ደብቆ አሳለፈ ይባላል፤ ሁለቱ ጎረምሶች እዚያው ቆመው ያዩታል፤ ጠባቂዎቹም። «አይደለም» ቢል ደግሞ ሚስቱ ታያለች።

እጁን ወደ እናትዓለም ዘረጋ።

«ስሙኒሽን አምጪ።»

ሰጠችው። 

ገብረ ኪዳን ቆቡን አወለቀ። ጀርባውን ለሰልፉ ሰጠ፤ ስሙኒዋን ወደ ላይ ላካት፤ በቆቡ ውስጥ ቀለባት። አጎንብሶ አያት። ሰው አንዲት ሳንቲም ይህን ያህል ጊዜ አይቶ አያውቅም። መሪጌታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እትዬ ሸሪፋ ሻሻቸውን ነክሰዋል።

«አዎ» አለ ገብረ ኪዳን።

«ምን አሉ?»

«አዎ ነው ያልሁ!» ብሎ ጮኸ። «አንበሳው ነው ያለው! ሁላችሁም አይታችኋል፣ ወርውሬአለሁ!»

ማንም ምንም አላየም። ቃሬዛው ግን ገባ። ገብረ ኪዳን ወደ ጠባቂዎቹ ዞር ብሎ ሁለቱን ጎረምሶች ለአፍታ ተመለከተና በአገጩ «ልቀቋቸው» አለ። ይህን ደግሞ ሳይወረውር ነው ያለው።

እስከ ቀትር እናትዓለም ድንኳኑ ደጃፍ አመድማ አፈር ላይ ተቀመጠች። ሰልፉ ያልቃል፣ ደግሞ ይረዝማል። ስድስት ሰዓት አልፎ እናቷ ብቅ አሉ። ሲራመዱ አየቻቸው፤ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ድሮው ሲራመዱ የመጀመሪያቸው ነው።

«ውኃ ጠየቀ» አሉ። «ስምሽንም ጠራ። ሐኪሙ ጆሮው ትንሽ ሊጎዳ ይችላል አለ፤ ይጎዳ። ከዚህ በኋላ የሚሰማው ጥሩ ነገር ምን አለ!»

እናትዓለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሽ ቆየች። ከዚያም ተነሥታ በሩ ላይ ወደ ቆመው ሰው ሄደች። ገብረ ኪዳን ላቡ ካኪውን አርሶታል፤ ከውስጥ የሴት ልጁ ለቅሶ ይሰማል፤ የታመመ ልጅ ለቅሶ ሳይሆን መርፌ የወጉት ልጅ ለቅሶ። ጮክ ያለ፣ ጤነኛ ለቅሶ።

ምን ብላ እንደምታመሰግነው አላወቀችም። አንበሳውን ታመስግን ሰውየውን? ዝም ብላ መዳፏን ዘረጋች፣ ስሙኒዋን እንዲመልስላት።

ገብረ ኪዳን የደረት ኪሱን ዳሰሰ። ቁልፉን አረጋገጠ።

«ይቺ እኔ ዘንድ ትቆይ» አላት። «እሑድ ስብሰባ አለብኝ።»